ዛፍም መዝገብ አለው

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ኮሚቴው እንደ ልማዱ አንድ ትምህርት የሚሆን ነገር ተናገሩ ባለን ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቀሪና ስለ ቅጣት የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ ዛፍ ነው። ምክንያቱም በዛሬው አጀንዳ በተራ ቁጥር 5 ላይ፣ በግቢያችን የቆመው ትልቁ ጥድ ተቆርጦ ይሸጥ፣ በገንዘቡም ሁለተኛ ድንኳን ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድንኳኑ እንደሚያስፈልገን አንክድም፤ ባለፈው ክረምት ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ሲገጥመን ምን እንደሆንን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ያ ዛፍ በሆዱ ምን እንደያዘ ማወቅ ይገባናል ብለን ነው።

አስቀድመን ግን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሠራነውም 34 ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ገና ወጣት ሳለን፣ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት የተከመሩት አሮጌ መዝገቦች ቦታ አጣበቡ ተባለና እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ዝርዝሩን የጻፍነው እኛ ነን፤ ከግርጌው የፈረምነውም እኛ ነን። አይጥ የበላው፣ አቧራ የጠጣው ወረቀት ለማን ይጠቅማል ብለን ምንም አልመሰለንም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንዲት እናት ጥቁር ለብሰው መጡ። ሟች ባለቤታቸው ቀደም ሲል ያገለገሉበት የ11 ዓመት ማስረጃ ለጡረታ ተፈልጎ ኖሯል። መዝገቡ የት እንደገባ እኛ እናውቅ ነበር፤ አመድ ሆኗል። ታዲያ በደብዳቤው ላይ ምን ብለን ጻፍንላቸው? «ተፈልጎ አልተገኘም» አልን። አቃጠልነው ለማለት አልደፈርንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን እንጂ የተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ያን ቀን ገባን።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። እንደምታስታውሱት ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ከሁለቱ ጥዶቻችን ትንሹን ነፋስ ጣለው። በመጋዝ ሲቆራረጥ እኛም ቆመን እናይ ነበር። በሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ የደን ትምህርት ተማሪ አለ፤ እርሱ መጥቶ ጉቶው አጠገብ ተንበረከከና በጣቱ ይዳስሰው ጀመር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መዝገብ ነው» አለን። መዝገብ ሲል ጆሯችን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማታ እቤታችን እየመጣ፣ ቡና እየጠጣን ያስረዳን ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ከእርሱ የሰማነውንና በሰጠን ወረቀቶች ያነበብነውን ነው።

ዛፍ የሚወፍረው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፤ የሚያበቅለውም እንጨት ሰፋ ያለና ፈዛዛ ነው። ዝናቡ አብቅቶ በጋ ሲገባ እድገቱ ይዘገያል፤ እንጨቱም ጠበቅ ያለና ጠቆር ያለ ይሆናል። ያች ጥቁር መስመር የዓመቱ መዝጊያ ናት፤ ልክ እኛ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ በመዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንደምናሰምረው ማለት ነው። በብርድ አገር እድገቱን የሚያቆመው ብርዱ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ድርቁ በጋ ነው። እንግዲህ ዝናቡ የጠገበ ከሆነ ቀለበቱ ይሰፋል፤ ዝናቡ ከቀረ ቀለበቱ እንደ ክር ይቀጥናል። ዛፍ ጉቦ አይበላም፤ ያየውን ነው የሚጽፈው።

ይሁንና መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እኛና ተማሪው የዚያን ጉቶ ቀለበት ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ አንድ ጊዜ 91፣ አንድ ጊዜ 97 መጣልን። ተማሪው ሳቀና «በልግና ክረምት ባለበት አገር ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ሊያሰምር ይችላል፤ በጣም በደረቀ ዓመት ደግሞ ጭራሽ ላያሰምር ይችላል» አለን። ታዲያ እንዴት ይታመናል ብለን ብንጠይቀው፣ አንድ ዛፍ ብቻውን አይታመንም፤ ብዙ ዛፎች ይመሳከራሉ አለን።

ይህን በዕድራችን ምሳሌ እናስረዳችሁ። የጸሐፊው የለቅሶ መዝገብ ሽፋኑ ተገንጥሎ ቀኑ ጠፋ እንበል። የገንዘብ ያዡ የወጪ መዝገብ ግን ቀን አለው። በለቅሶው መዝገብ ሦስት ወር በተከታታይ ሁለት ሁለት ለቅሶ፣ ከዚያ አራት ወር ምንም፣ ከዚያ በአንድ ወር አምስት ለቅሶ ቢገኝ፣ በወጪው መዝገብም ይኸው ቅደም ተከተል ቢገኝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን የጠፋውን ቀን ማግኘት እንችላለን። አንድ ገጽ ቢጎድል እንኳ የሌላው መዝገብ ያጋልጠዋል። ዛፎችም እንዲሁ ናቸው። በአንድ አገር የበቀሉ ዛፎች አንድ ዝናብ ስለሚጠጡ፣ የቀጭንና የሰፊ ቀለበታቸው ተራ ይገጥማል። ከዛሬው ዛፍ ወደ ቀድሞው፣ ከዚያም ወደ አሮጌ ቤት ምሰሶ እያገናኙ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል።

ይህን ሥራ መልክ ያስያዘው አንድሩ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውየው የከዋክብት ተመራማሪ እንጂ የደን ሰው አልነበረም። ፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች በየ11 ዓመቱ ገደማ ይበዛሉ፤ ይህ የምድርን ዝናብ ይለውጥ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። የዝናብ መዝገብ ግን አጭር ሆነበት። ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በደረቁ የአሪዞና አገር ወዳሉት ጥዶች ፊቱን መለሰ። በዚያ አገር ማን እንደሠራቸው እንጂ መቼ እንደተሠሩ የማይታወቅ የጥንት ሕንድ አሜሪካውያን የድንጋይ መንደሮች ፍርስራሽ ነበሩ። የምሰሶዎቻቸውን ቀለበት ሲያገናኝ የ585 ዓመት ተከታታይ መዝገብ አገኘ፤ ነገር ግን ከዛሬው ዛፎች መዝገብ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገብ ማለት ይኸው ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ሾ ሎው በተባለች ትንሽ ከተማ ግማሽ የተቃጠለ አንድ ግንድ ተቆፍሮ ወጣ። የዚያ ግንድ ቀለበት ሁለቱን መዝገቦች አገናኘና የፍርስራሾቹ ዘመን ሁሉ ታወቀ። ከ1276 እስከ 1299 በዚያ አገር ብርቱ ድርቅ እንደነበረም ዛፎቹ መሰከሩ። ልብ በሉ፤ ከእሳት የተረፈ ግማሽ ግንድ ነው ይህን ሁሉ የተናገረው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በብዙው የአገራችን ክፍል የዝናብ መለኪያ ከተተከለ የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያውቅ ማነው? በተለይ በሰሜኑ ክፍል ሽማግሌ ጥዶች የቀሩት ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሙሉጌታ ሞክሪያ፣ አስቴር ገብረክርስቶስና ባልደረቦቻቸው ከሰሜን ኢትዮጵያ ጥዶች ባገኙት ቀለበት፣ ከ1811 ወዲህ የነበረውን ዝናብ መልሰው አሰሉ። በእኛ አቆጣጠር 1803 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና አልተወለዱም።

ምን አገኙ? በአማካይ በየ4 ዓመቱ አንድ ደረቅ ጊዜ፣ በየ9 ዓመቱ ገደማ ደግሞ እጅግ የከፋ ድርቅ ይመጣል። ከ100 ደረቅ ጊዜያት 78 ያህሉ ከአንድ ዓመት አያልፉም። ሆኖም ዝናቡ ከልኩ እያነሰ እስከ 7 ዓመት የዘለቀበት ጊዜም ተገኝቷል። ከነዚህ ክፉ ዓመታት ብዙዎቹ በታሪክ ረሀብ ተብለው ከተጻፉት ጋር ገጥመዋል። በየ4 ዓመቱ ሲባል ግን ቀን ቆጥሮ እንደ ወርሃዊ መዋጮ ይመጣል ማለት አይደለም፤ አማካይ ነው፤ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። እኛ የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያየን ሰዎች፣ ድርቅ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ደራሽ እንቆጥረዋለን። ዛፉ የሚለን ግን እንግዳ አይደለም፣ መንገዱን የሚያውቅ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ በደህናው ዓመት ለክፉው አስቀምጡ ነው። ዕድርስ ቢሆን የተቋቋመው ለዚሁ አይደል?

ሆኖም ዛፍ ሁሉን ያውቃል አንልም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የወረደውን ክፉ ቀን እንውሰድ። ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትልቁን ጥፋት ያመጣው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሬው አለቀ፣ ገበሬው የሚያርስበት አጣ። ቀለበት የዝናቡን ነገር ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ በሬው አይናገርም። ያንን የምናገኘው ከጽሑፍና ከአያቶቻችን አፍ ነው። ስለዚህ መዝገብ ሁሉ እርስ በርሱ መመሳከር አለበት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ይቆረጥና ይነበብ» ትሉ ይሆናል። ይህንንም አንድ ታሪክ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አገር፣ በኔቫዳ፣ አንድ ተማሪ የአንድ ጥድ ዓይነት ዛፍ ዕድሜ ለማወቅ ፈልጎ፣ ተፈቅዶለት ዛፉ ተቆረጠ። ቀለበቱ ሲቆጠር ከ4,800 በላይ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕድሜያቸው ከተቆጠረ ዛፎች ሁሉ ሽማግሌው እርሱ ነበር። ዕድሜውን ያወቁት ከገደሉት በኋላ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሳይቆርጡ ማንበብ የሚቻልበት መሣሪያ ያን ጊዜም መኖሩ ነው። በእጅ የሚዞር ውስጡ ክፍት የሆነ መሰርሰሪያ ነው፤ ከግንዱ ውስጥ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ያወጣል። ጥዱ ቀዳዳውን በራሱ ሙጫ ይደፍነዋል፤ መቆሙንም አይተውም።

የተከበራችሁ አባላት፤ በዚህ መሠረት ለተራ ቁጥር 5 የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ የቆመው ትልቁ ጥድ አይቆረጥ። ዕድሜውን የሚያነብልን ባለሙያ እንዲመጣ ኮሚቴው ለደን ምርምር ክፍል ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደብዳቤውን እኛ ራሳችን እናረቅቃለን።

2ኛ/ ከወደቀው ጥድ ግንድ አንድ ጣት ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ተላግቶ በዕቃ ግምጃ ቤታችን ይቀመጥ። የወደቀበት ቀን ይጻፍበት። የመጨረሻው ቀለበት ዓመቱ ከታወቀ ሌላው ወደ ኋላ ይመሳከራል፤ ቀኑ ካልተጻፈ ግን ተራ ማገዶ ነው።

3ኛ/ የቀረው ግንድ ይሸጥና ለድንኳኑ መግዣ ይዋል። የሚጎድለውን ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚሰበሰብ ልዩ መዋጮ እንሙላው። የእኛን ድርሻ ዛሬ ጠዋት ለገንዘብ ያዡ አስረክበን ደረሰኝ ተቀብለናል።

ድምፁ የጉባኤው ነው፤ የሚወሰነውን እናከብራለን። ነገር ግን እኚያ ጥቁር የለበሱ እናት ደብዳቤያችንን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲወጡ እስከ ዛሬ ይታየናል። ከእንግዲህ 50 ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጆቻችን «በዚህ ሰፈር ድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከኛ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ «ተፈልጎ አልተገኘም» ብሎ እንዳይጽፍላቸው አደራ እንላለን።