ስለ ጥማድ ከዋክብት
ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ በአምደወርቅ ሰማይ ላይ ሰባቱ ከዋክብት እንደ ዘለላ ተሰብስበው ይታያሉ። ዐይን ስድስት ወይም ሰባት ይቈጥራል፤ ቴሌስኮፕ በተባለው የሩቅ መነጽር ሲመረመሩ ግን ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። ሁሉም ከአንድ ደመና በአንድ ዘመን የተወለዱ ወንድማማች ናቸው።

ከእነዚህም መካከል አንድ መስሎ ሁለት የሆነ ኮከብ ብዙ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች በስበት ተያይዘው እርስ በርሳቸው ይዞራሉና ጥማድ ከዋክብት ቢባሉ ይገባል። ጥቅማቸውም ታላቅ ነው። ኮከብ በሚዛን አይመዘንምና፥ ጥማዱ የሚዞርበት ጊዜና በመካከሉ ያለው ርቀት ሲታወቅ ክብደቱ በስሌት ይገኛል። ጥማዱን አንድ ነው ብሎ የቈጠረ ሰው ግን፥ ሁለት ሰው የተሸከመውን ሸክም አንድ ሰው ተሸከመው እንደሚል ነው፤ ስሌቱ ይሳሳታል።

ለማየት የሚያስቸግረው አየር ነው። ከምድጃ እሳት በስተኋላ ያለ ነገር በሙቀቱ እንደሚወዛወዝ፥ የኮከብም ብርሃን ሙቅና ቀዝቃዛ አየር ሲያቋርጥ ይናወጣል፤ ሁለቱም ተደባልቀው እንደ አንድ ይታያሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ሆራስ ባብኮክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ለዚህ መድኃኒት አሰበ። ይኸውም አንድ መሣሪያ የብርሃኑን መናወጥ ይለካል፤ የሚተጣጠፍ መስታወትም በአንድ ሰኮንድ ብዙ ጊዜ መልኩን እየለወጠ ብርሃኑን ያቃናል።

በዚህም ዘዴ የፈረንሳዩ ሊቅ ዤሮም ቡቪየና ባልደረቦቹ በሃዋይ በማውና ኬያ ተራራ ላይ፥ ስፋቱ 3.6 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ፥ ከሰባቱ ከዋክብት ዘለላ ፀሐይን የሚመስሉ ወይም ከእርስዋ ጥቂት የሚያንሱ 144 ኮከቦችን መረመሩ። በ1997 ዓ.ም. ባወጡትም ጽሑፍ 22 ጥማድና 3 ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ መገኘታቸውን አስታወቁ። ነገር ግን ጎን ለጎን የታየ ሁሉ ጥማድ አይደለም፤ አንዱ ቅርብ ሌላው እጅግ ሩቅ ሊሆን ይችላልና፥ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አይቶ አብረው መሄዳቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ለዋግ ጎረቤት በሆነው በላስታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም 4,260 ሜትር ከፍታ አለውና ከማውና ኬያ አያንስም። ከፍ ያለ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ተራራው አለ፤ የሚቀረው የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ተማሪ «ኮከብ ስለ ምን ይርገበገባል?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ዝም አያሰኘው፤ የምድጃውን እሳት ያሳየው። ሽማግሎችም የከዋክብትን ስምና የሚወጡበትን ወራት ለልጆች ይንገሩ። ዕውቀት የሚጀምረው አይቶ ከመጠየቅ ነውና።