የጉሮሮ ሕመም እንዴት የልብ በሽታ እንደሚሆን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረገው ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገር ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሾ እንደ ማውጣት የሚቈጥርብኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የበዓሉ አሰናጆች ስለ ጤና እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ በየቀኑ ከማያቸው ብዙ ሕመሞች መካከል ይህን አንዱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የልጅን በሽታ በአንድ ወገን፥ ዕድሜ ልክ የሚቈየውን በሽታ በሌላ ወገን አድርገን መቍጠር ልማዳችን ነው። ኩፍኝ፥ ተቅማጥ፥ የሳንባ ምች የልጅ ናቸው፤ ስኳር፥ ደም ብዛት፥ የልብ ሕመም የአዋቂ ናቸው እንላለን። ዛሬ የምነግራችሁ በሽታ ግን በልጅነት በጉሮሮ ገብቶ በጐልማሳነት በልብ ላይ የሚገኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነውና፥ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች የምትበዙት በዚያው ዕድሜ ውስጥ ያላችሁ ወይም ገና አሁን ያለፋችሁት ናችሁ። በቤት ያሉት ታናናሾቻችሁ ደግሞ በመካከሉ ናቸው።

ሐኪሞች የመጀመሪያውን ሩማቲክ ፊቨር፥ ኋላ የሚከተለውን ሩማቲክ የልብ በሽታ ይሉታል። በሀብታሞቹ አገሮች በብዙ ስፍራ ከትውስታ ወጥቷል። በእኛና እኛን በመሰሉ አገሮች ግን ብዙ ወጣቶችን የልብ ሕመምተኛ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ በዓለም ላይም በያመቱ ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይገድላል።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም ከምናውቀው ሕመም፥ ቶንሲል ከምንለው ነው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። የሚበዛው ከጉንፋን ጋር የሚመጣ ነው፤ አፍንጫ ያፈሳል፥ ያስላል፥ ድምፅ ይዘጋል። እንዲህ ያለው በእረፍትና ትኩስ ነገር በመጠጣት በጥቂት ቀን ያልፋል፤ መድኃኒት ቤት ሄዶ አሞክሲሲሊን መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። ሁለተኛው ዐይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ በምትባል ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። ልጁ በድንገት ያተኵሰዋል፤ ምራቁን ለመዋጥ ይቸግረዋል፤ ከመንጋጋው ሥር ንፍፊት ይወጣበታል፤ አፉን አስከፍታችሁ በብርሃን ብታዩ ቶንሲሉ ቀልቶና አብጦ፥ አንዳንዴም ነጭ መግል ይዞ ይታያል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ የለበትም። እነዚህን ምልክቶች ያያችሁበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በዐይን ብቻ ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም የሚያስቸግርበት ጊዜ አለና፥ እናት ወይም አባት ቤት ተቀምጠው ይወስኑ አልልም።

የዚህ ሕመም ክፋቱ ያለ መድኃኒትም መሻሉ ነው። በአራት በአምስት ቀን ልጁ ይነሣል፥ ይበላል፥ ይጫወታል። በቤት ያለው ሰው ሁሉ፥ ዳነ ይላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እንደ ገና ያተኵሰውና ጕልበቱ ያብጣል፤ ጕልበቱ ሲሻለው ቍርጭምጭሚቱ፥ ቀጥሎም ክርኑ ይታመማል። ቍርጥማቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ሲዞር ሰንብቶ ይጠፋል፤ ሽባነትም አይተውም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ፥ ብርድ መትቶት ነበር ብሎ ይረሳዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረውን የጉሮሮ ሕመም ከዚህ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

በሰውነት ውስጥ የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሰውነታችን ተሐዋስያንን የሚዋጋበት የራሱ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ስትሬፕቶኮከስን በመልክ ለይቶ ይመታል። ነገር ግን የዚህች ተሐዋሲ መልክ በአንዳንድ ነገሩ የልባችንን ሥጋ ይመስላል። በጨለማ ሌባ ሲያሳድድ የጌታውን ልጅ እንደሚደበድብ ዘበኛ፥ ጠላትን የሚመታው ኃይል ልብን ይመታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት የልብ በሮች፥ ማለት ቫልቭ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ በሮች ደም ወደ ፊት ሲሄድ የሚከፈቱ፥ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ስስ ነገሮች ናቸው። አንድ ጊዜ ቈስለው ሲድኑ ጠባሳ ይይዛሉ። የጉሮሮው ሕመም በተመለሰ ቍጥር ደግሞ ቍስሉ ይታደሳል፤ ጠባሳውም ይወፍራል። በመጨረሻ በሩ ወይ አልከፈት ይላል፥ ወይ አልዘጋ ይላል፥ ወይም ሁለቱንም ይሆናል።

ከምልክቶቹ አንዱን ለመምህራን ለይቼ እነግራለሁ፤ ከክፍል ውስጥ የሚታይ ነውና። ስሙን በማልጠራው በአንድ ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ጽሕፈቷ የሚያምር ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ተበላሸ። ብዕር ከእጇ ይወድቃል፤ ፊቷ ያለ ፈቃዷ ይኮማተራል፤ እጅና ትከሻዋ ይወራጫል። መምህሯ ታሾፍብኛለች ብሎ ቀጣት። ጎረቤት ደግሞ ከፊሉ ቡዳ ነው፥ ከፊሉ ዛር ነው አለ። አብራት የምትተኛው አያቷ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ይኸውም ልጅቱ እንቅልፍ ሲወስዳት መወራጨቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ይህን ለሐኪሙ በነገረች ጊዜ ሐኪሙ ወዲያው ማዳመጫውን አንሥቶ የልጅቱን ልብ አዳመጠ፤ በሩ በጥቂቱ እንደሚያፈስ የሚያስታውቅ ድምፅም ሰማ። ይህ መወራጨት የዚያው የሩማቲክ ፊቨር አንዱ መልክ ነው፤ ከጉሮሮው ሕመም በኋላ ወራት ቈይቶ ሊመጣ ይችላል፤ በሴቶች ልጆችም ይበዛል። ልጅቱ ከጥቂት ወራት በኋላ እጇ ጸና። የልቧ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጥበቃ የሚያሻው ሆነ።

አያትየዋን ያነሣኋት ስለምትገባት ነው። ከብዙ ሰዎች መካከል ዐይኗን ከፍታ ያየች እርሷ ብቻ ነበረች።

በሽታው እንዲህ ቀድሞ ካልታወቀ ዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፤ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረውና ትራስ ደራርቦ ይተኛል፤ እግሩ ያብጣል። በሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእርግዝና ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴቲቱ ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፥ የጠበበ በር ያለው ልብ ይህን ሁሉ ማሳለፍ ያቅተዋል። የልብ ሕመም እንዳለባት ሰምታ የማታውቅ ሴት ምጥ ላይ ሳለች ትንፋሽ አጥሯት ወደ እኛ ስትመጣ አይቻለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ እንዲህ ያለው ሌሊት ነው።

አሁን ወደ መከላከሉ ልምጣ። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ፔኒሲሊን ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው፥ ከሁሉም ርካሽ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የጉሮሮ ሕመም የያዛቸውን ወታደሮች በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ፊቨርን እንደሚከላከል በአሜሪካ በዋዮሚንግ የጦር ሰፈር ተፈትኖ የታወቀው በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ድረስ መድኃኒቱ ከተጀመረ ልብን ያድናል። ይህም ወይ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው አንድ መርፌ ነው፥ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ ኪኒን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ብለው ያስቀምጡታል። ኪኒኑ የታዘዘው ትኵሳቱን ለማብረድ ብቻ ሳይሆን ተሐዋሲዋን ከጉሮሮ ጨርሶ ለማጥፋት ነውና፥ 10ሩ ቀን መሙላት አለበት። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ እንዳለ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ሌላ መድኃኒት አለና።

ማርና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ እኔም እጠጣለሁ፤ ተሐዋሲዋን ግን አይገድልም። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል በጥፍር ማስቧጠጥ ከዚህ የከፋ ነው። የቆራጩ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ደም አልቆም ብሎ የሞተ ሕፃን አለ፤ መንጋጋ ቈልፍም ሌላም የደም በሽታ በዚያው መንገድ ይገባል። እንጥል ተቈረጠ ማለትም ስትሬፕቶኮከስ ተቈረጠች ማለት አይደለም፤ ተሐዋሲዋ በጉሮሮ ውስጥ እንዳለች ትቀራለች። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ልጅ ለማዳን ብለው ነው፤ ጤና ጣቢያ በሌለበት ዘመን ሌላ ምን ነበራቸው? ዛሬ ግን አለ።

አንድ ጊዜ ሩማቲክ ፊቨር የያዘው ልጅ ደግሞ ሌላ ሥርዐት አለው። በሽታው እንዳይመለስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል። ይህም ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት አይደለም፤ ልቡ የተነካ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም ዕድሜው 21 እስኪሆን፥ ጕዳቱ የከበደበት ደግሞ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ድካም ከንቱ አለመሆኑን በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ምልክት ሳይሰማቸው በምርመራ ብቻ በሽታው የተገኘባቸውን ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ 818 ልጆች ለሁለት ከፍለው ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በየወሩ ከተወጉት ወገን በሽታው የባሰበት 3 ልጅ ብቻ ሲሆን፥ ካልተወጉት ወገን ግን 33 ሆነ። ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

ዘግይቶ የተገኘው ሕመም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በፊት ልጆቻችን ለዚህ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ከከፈተ ወዲህ በአገራችንም ይሠራል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ የብረት ቫልቭ የተገጠመለትም ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን ሁሉ ይወስዳል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የአንዱ መርፌ ዋጋ ከምንም የማይቈጠር ነው።

የቤትን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ተሐዋሲዋ የምትተላለፈው በሳል፥ በትንፋሽና በእጅ ነው፤ ብዙ ልጆች በአንድ አልጋ በሚተኙበት፥ መስኮት በማይከፈትበት ቤትና ክፍል ትመቻታለች። በአውሮፓ በሽታው መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ገና ሳይገኝ፥ የሰው መኖሪያ ሲሰፋና ሲነጻ ነው። ስለዚህ ጠዋት የክፍላችሁን መስኮት የሚከፍተውን ልጅ፥ በረደን ብላችሁ አትቈጡት።

በመጨረሻ ለዲሬክተሩና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ከተማሪዎቻችሁ መካከል በየወሩ መርፌ የሚወጉ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ያፍራሉና አይናገሩም። ሌላ በሽታ አለበት እንዳይባሉ ፈርተው የመርፌውን ቀን የሚያሳልፉ አሉ። ይህ በሽታ ከታማሚው ጋር በመቀመጥ ወይም በመብላት የሚያሳፍርም የሚያስፈራም ነገር የለበትም። ያች ጽሕፈቷ ተበላሽቶ የነበረችው ልጅ ዛሬ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በየ28 ቀኑ ወደ ጤና ጣቢያችን ትመጣለች። መርፌው ያማል፤ ይህን አልደብቅም። ብልቃጡን በእጅ ሞቅ አድርጎ፥ ቀስ ብሎ መውጋት ሕመሙን ስለሚያቀልለው እንደዚያ እናደርግላታለን። ልባቸው እጅግ የተጐዳባቸው ሰዎች ግን በመርፌ ፈንታ ኪኒን ይሻላቸው እንደ ሆነ ሐኪማቸው ይወስን። ትምህርት ቤቷ በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቢፈቅድላት ኖሮ ሁለት ጊዜ ባላመለጣት ነበር። እንግዲህ እዚህም ካርዱን የሚያሳያችሁ ተማሪ ቢመጣ፥ ያን አንድ ሰዓት ሳትጠይቁ እንድትሰጡት እለምናለሁ።