ስለቱ የአባት፣ ዋጋው የማን?

(በማኅበራችን ወርሃዊ የንባብና የቡና ሰዓት ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ተራ የእኔ ስለሆነ አንድ መጽሐፍ መርጬ እንድናገር ተነግሮኝ ነበር። "ፍቅር እስከ መቃብርን መርጫለሁ" ስል አጠገቤ የተቀመጠችው እህቴ ሳቀችብኝ። "እሱን እኮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተን፣ አልቅሰን ጨርሰናል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ማንበብ የማይችሉት እናቶቻችን ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋቸዋል። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ሁለቱ ፍቅር ልናገር አይደለም። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለምናገኘው ስለ በዛብህ አባት፣ ስለ ቦጋለ መብራቱ ነው።

ለምን እሱን እንደመረጥኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባለፈው ስብሰባችን አንዲት አባላችን ከቁጠባችን ብድር ጠየቀች። ምክንያቷን ስትጠየቅ ሳትደብቅ "ባለቤቴ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለው ስለት አለ፤ ጊዜው ደረሰ" አለች። ያን ቀን ለሁለት መከፈላችንን ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችን "ብድር ለሥራ ነው እንጂ ለስለት አይደለም" አልን። ግማሾቻችን ደግሞ "ስለት ሳይከፈል አድሮ ቤቷ ላይ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ሊጠየቅ ነው?" አልን። ሳንወስን ተበተንን። እኔም ያን ዕለት አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው የወጣሁት። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የራሴን ቤት ስላስታወሰኝ ነው።

በመጽሐፉ ልጀምር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ በምትባል የጎጃም አገር ነው። ቦጋለ መብራቱና ሚስቱ ውድነሽ በጣሙ አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ሕመም ሲያጠቃው ወላጆቹ የሚያደርጉት ቢያጡ ወደ ፈጣሪ ዞሩ፤ ልጁ ከዳነላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁ ዳነ። በስለቱ መሠረት ለቤተ ክህነት ትምህርት ተሰጠ፤ ሚስት ሳያገባ ሊኖር ማለት ነው።

እስኪ በገበሬ ቤት ዓይን እንየው። አንድ ወንድ ልጅ ማለት የእርሻው እጅ ነው፣ የእርጅና ምርኩዝ ነው፣ ዘር የሚቀጥል ነው። ቦጋለ የሰጠው ትርፉን አይደለም፤ ያለውን ሁሉ ነው። እንዲህ ያለ እምነት ላይ ለመሳቅ የሚደፍር ካለ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፎ አንድ ሌሊት አላሳለፈም ማለት ነው።

ነገር ግን መጽሐፉ በዚያ አያበቃም። ያ ሕፃን አደገ። ለትምህርት አገር ለቆ ሄደ፣ ሊቅ ሆነ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ገባ፣ ወደዳት። ያን ጊዜ በልቡ የሚመጣው ገና አፉን ሳይፈታ ሌሎች በእሱ ስም የገቡት ቃል ነው። የፊታውራሪው ትዕቢትና የዘመኑ የዘር ቆጠራ በውጭ አሳደዱት፤ ስለቱ ደግሞ በውስጡ አሳደደው። እኛ ሁልጊዜ የምንረግመው ፊታውራሪውን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ስለቱን መጽሐፉ በር ላይ ያስቀመጡት በከንቱ አይመስለኝም። ክፉ ሰው ብቻ አይደለም ልጅን የሚጎዳው፤ የሚወደው አባትም፣ በእምነትና በእንባ፣ ልጁ ያልፈረመውን ዕዳ ሊያሸክመው ይችላል።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ ወንጂ አካባቢ በአገዳ ማሳ ቀን ሠራተኛ ነበር። ሌሊት ኪዳን ሳይደርስ ወደ ሥራ የሄደበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጀርባው ቀድሞ ነው የጎበጠው። ልጅ ሳለሁ ከስግደት ብዛት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው የስምጥ ሸለቆአችን የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት እንደሆነና፣ ጥርሳችንን ቡናማ ያደረገው፣ የብዙ ወንጂ ሽማግሌዎችን አጥንት ያደረቀው እሱ እንደሆነ የተረዳሁት። በዚያ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አገዳ ቆርጦ ነው ያሳደገን። ጾም ሲገባ ከእኛ ድርሻ አይነካም፤ የራሱን ይቀንሳል። ስለ እሱ የምናገረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይሰማልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመት ሲሆነው ወባ ያዘው። ለሳምንታት ሐኪም ቤት ተኛ። አንድ ሌሊት አባቴ ከደጅ ቆሞ፣ ልጁ ከተረፈለት ላማችንን ሸጦ ገንዘቧን ለቁልቢ ገብርኤል ሊያስገባ ተሳለ። ወንድሜ ዳነ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ተመስገን።

ላሚቱ አንዲት ነበረች። እናቴ በየማለዳው እያለበች ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። የእኔ ደብተርና የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያች ወተት ነበር የሚወጣው። አባቴ ላሚቱን ሸጠ፤ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ደረሰ። ሲመለስ እምነትና ጠበል ይዞ ነበር። የወንድሜን ግንባር ቀብቶ "የእግዚአብሔር ዕዳ ተከፈለ" አለ። እናቴ "አሜን" አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን፣ በማለቢያው ሰዓት እየነቃች ባዶው ጋጣ ደጃፍ ላይ ትቆም ነበር።

እኔ ስድስተኛ ክፍልን አቋርጬ ሁለት ዓመት መናኸሪያ ቆሎ ሸጥኩ። የቁልቢ መንገደኞች መኪና በከተማችን በኩል አይደል ወደ ምሥራቅ የሚያልፈው? በስለት ከቀረብኝ ትምህርት ፈንታ ስለት ለሚያደርሱ ሰዎች ቆሎ እሸጥ ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር። በማታ ትምህርት ተመልሼ ፍቅር እስከ መቃብርን ሳነብ ነው የገባኝ። ሌሎች የክፍል ጓደኞቼ መጨረሻው ላይ ሲያለቅሱ እኔ መጀመሪያው ላይ አለቀስኩ።

አባቴ ከማረፉ በፊት አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ላሚቱን ስትሳል እማዬን ለምን አልጠየቅካትም?" አልኩት። ብዙ ቆይቶ "እሺ እንደምትል አውቅ ነበር" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

እህቶቼ፣ ይህቺን መልስ ለዓመታት ሳገላብጣት ኖሬአለሁ። እናቴ እሺ ትል ነበር፤ እውነቱን ነው። የሚሞተው የእሷም ልጅ ነው። ግን እሺ የሚል ሰው መጠየቅ የለበትም ያለው ማን ነው? ብትጠየቅ ኖሮ መሥዋዕቱ የእሷም ይሆን ነበር። ሳትጠየቅ ስለቀረች የእሷ ነገር ከእጇ የተወሰደባት ሆነ። ላሚቱ ያው አንዲት ላም ናት፤ ስጦታ የሚያደርጋት ወይም ኪሳራ የሚያደርጋት መጠየቁ ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሃይማኖት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን፤ ዋቄፈታዎችም አለን። በኦሮምኛ ወሬጋ ማለት ስለት ነው፤ መሥዋዕትነትን ወሬጋማ የምንለውም ከዚያው ቃል ነው። ሁላችንም የአብርሃምን ታሪክ እናውቃለን። በኦሪት ዘፍጥረት 22 አብርሃም ማልዶ ተነሥቶ ልጁን ይስሐቅን ይዞ ሲወጣ ሣራ ስለመጠየቋ አንድ ቃል አልተጻፈም። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በጉ በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ እናያለን፤ ሣራ በሥዕሉ የለችም። ሙስሊም እህቶቻችን በአረፋ በግ የሚያርዱት ያንኑ ፈተና በማሰብ ነው። በቁርኣን ኢብራሂም ሕልሙን ለልጁ ይነግረውና ምን እንደሚያስብ ይጠይቀዋል፤ ልጁም በፈቃዱ ይቀበላል። ይህን አንዲት አባላችን ስታስረዳኝ በጣም ነው የነካኝ። ነቢይ እንኳ ጠየቀ።

መጽሐፈ መሳፍንት 11 ላይ ደግሞ ዮፍታሔ አለ። ከጦርነት በድል ከተመለስኩ ከቤቴ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለኝን ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። ከበሮ እየመታች የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። ልብሱን ቀደደ። የተሳለው አባት ነው፤ የከፈለችው ልጅ ናት። ለአብርሃም በግ ተገኘለት፤ ለዮፍታሔ ልጅ አልተገኘላትም።

ሌላም አለ። ኦሪት ዘኍልቍ 30 ላይ የሴት ስለት በአባቷ ወይም በባሏ እጅ ነው፤ በሰማበት ቀን ካልፈቀደ ይሻራል። ወንዱ የተሳለው ግን እንዳለ ይጸናል። የጥንት ሕግ ነው፤ ነገር ግን እኛ ቤት ውስጥ ሳይጻፍ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔ የምመኘው የሴቶች ፈቃድ ይነሣ፣ የወንዱም ይሻር እያልኩ አይደለም። ሁለቱም በሰሙበት ቀን አብረው ይምከሩ ነው የምለው። በእስልምናም ሰው የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ያደረገው ነዝር እንደማያስገድደው አባሎቻችን ነግረውኛል። የሚስት ወተት የማን ነው? የልጅ ትምህርትስ የማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ፦ "ልጅ ሲያጣጥር ስብሰባ ይጠራል እንዴ? ስለት እኮ ከአፍ ያመልጣል።" ልክ ናችሁ። አባቴም በዚያ ሌሊት ደጅ ቆሞ የቤት በጀት ሊያወጣ አይችልም ነበር። ለዚህ ነው አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው። መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል የሚለው በጤና ቀን እንድናስብበት ይመስለኛል። የራስን ነገር መሳል ይቻላል፦ የራስን እግር፣ የራስን ጾም፣ የራስን ጉልበት። አባቴ "በእግሬ እመጣለሁ" ብሎ ቢሳል ኖሮ፣ በዚያ ጀርባው፣ ከላሚቱ የበለጠ መሥዋዕት በሆነ ነበር።

ስለዚህ ወደ ብድሩ ልመለስና ሐሳቤን ላቅርብ። እኔ ለእህታችን ብድሩ ይሰጣት እላለሁ። ገንዘቡ በየሳምንቱ ከእንጀራና ከበርበሬ ንግዳችን የቆጠብነው የራሳችን ነው፤ ወዳጆቻችን ለሥልጠናና ለመነሻ የሰጡን ገንዘብ በሌላ መዝገብ ነው ያለው፤ አይነካም። ለሠርግ፣ ለተስካር፣ ለአረፋ በግ ስናበድር ኖረን ለቁልቢ ስንደርስ መንፈግ አግባብ አይሆንም። ነገር ግን ለማንኛውም የስለት ብድር ሦስት ጥያቄ እንጨምር። አንደኛ፣ ስለቱን ባልም ሚስትም ያውቁታል? ሁለተኛ፣ ብድሩን ለመመለስ ከቤቱ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ የልጅ ትምህርት ወይም የመድኃኒት ገንዘብ ይነካል? ሦስተኛው መልስ "አዎ" ከሆነ፣ ክፍያው በረዘመ ጊዜ ይሁን፤ ልጁ ግን ከትምህርት ቤት አይውጣ።

ሌላው ሐሳቤ፣ የምትፈልግ አባል ከሳምንታዊ ቁጠባዋ ላይ ትንሽ ትንሽ ለይታ የስለት ተቀማጭ ትያዝ። ክፉ ቀን ሲመጣ የምትሳለው ካለው ነገር ላይ ይሆናል። ከጋጣ ላም አይወጣም።

እህቶቼ፣ እኔ አባቴን አልከሰስኩም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ሻማ አበራለታለሁ። ወንድሜን ያተረፈው ጸሎቱ ነው፣ ሐኪሙ ነው፣ ሁለቱም ነው፤ እሱን ለመለየት አልችልም። ግን ስለቱ በተነገረ ቁጥር የአባቴ ስም ይነሣል፤ እናቴ ደግሞ ባዶ ጋጣ ደጃፍ ላይ ቆማ ትቀራለች። ዛሬ የእሷንም ስም ለማንሳት ነው የቆምኩት።

ቡናው እስኪፈላ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንስጥበት።