ከብሬቃ የሚሰማ አጭር ሞገድ

አቅራቢው፦ የኤደኗ ብሬቃ የማጣሪያ ሰፈር ናት። የእንግሊዙ ኩባንያ ቢፒ እዚያ ነዳጅ ማጣራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የኤደን ራዲዮም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ የአካባቢው ሰው ጆሮ ወዴት ነበር? ወደ ካይሮ! በ1953 የተጀመረው «የዓረቦች ድምፅ» ያኔ ኤደንን ይገዙ የነበሩትን እንግሊዞች ሲያብጠለጥል፣ የኤደን ቡና ቤቶች ራዲዮናቸውን ከፍ አድርገው ያሰሙት ነበር።

አቅራቢው፦ ከ1963 ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ አጠገብ፣ ከጌጃ፣ ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫዎች የነበሩት የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ራዲዮ በዓረብኛም ይናገር ነበር። የኤደንን ባሕረ ሰላጤ መሻገር ለአጭር ሞገድ ቀላል ነው፤ ሞገዱ አዮኖስፌር ላይ ነጥሮ ይመለሳላ።

አቅራቢዋ፦ እሱንም ደርግ በ1977 ወረሰው።

አቅራቢው፦ የትርፍ ጊዜ አድማጮቹን አትርሺ። ሰዓቱን፣ ሞገዱንና የድምፁን ጥራት በአምስት አኃዝ ጽፈው ለጣቢያው ይልካሉ፤ ፍጹም ጥሩ ከሆነ 55555። ጣቢያው ደግሞ በሥዕል ያጌጠ የማረጋገጫ ካርድ ይመልስላቸዋል።

አቅራቢዋ፦ ዛሬ ግን ካርዱን ማን ይልካል? የቢቢሲ ዓረብኛ ራዲዮ ከ85 ዓመት በኋላ በጥር 2023 ተዘጋ። የቀረውንም ጩኸት ይሸፍነዋል። ኤደን መብራት ሲጠፋባት ቤቱ ሁሉ በሶላር ይሠራል፤ ርካሽ ኢንቨርተርና ቻርጀር ደግሞ በአጭር ሞገድ ላይ ያለማቋረጥ «ዝዝዝ» ይላል። ለእኔ ከጣቢያዎቹ መዘጋት ይልቅ ይሄ ይብሳል።

አቅራቢው፦ መላ አለው። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን መቀበያ ማንም በኢንተርኔት ከፍቶ ሞገዱን ራሱ ያዞራል።

አቅራቢዋ፦ የሚሰማው ግን የኔዘርላንድስ ሰማይ ነዋ! ብሬቃ ምን እንደሚገባ ለማወቅ የአንቴና ሽቦ እዚያው ጣሪያ ላይ መዘርጋት ነው።