የሰፈር ዋና ቡድን ለሰመር

ሄለን፦ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ለሰመር የሰፈር ዋና ቡድን አስመዝግቧቸው።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ጎበዝ ዋናተኛ ያልሆነ ልጅስ?

ሄለን፦ ግድ የለም። ብዙዎቹ ቡድኖች የሚጠይቁት ገንዳውን ከጫፍ ጫፍ መሻገር ነው፤ 25 ሜትር ገደማ።

ዳዊት፦ እሱም ለጀማሪ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ትምህርት ይውሰድ።

ሄለን፦ እሱስ ልክ ነህ።

ዳዊት፦ ደግሞ ውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስንቱ ወላጅ ቅዳሜ ሥራ ነው!

ሄለን፦ ቅዳሜ የሚወዳደሩት ፈጣኖቹ ናቸው። ለሌሎቹ በአዘቦት ቀን ማታ አለ፤ እዚያ ልጁ የሚፎካከረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። ክንዱ ላይ የመስመሩ ቁጥር በማርከር ተጽፎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተራውን ሲጠብቅ ብታየው!

ዳዊት፦ ደስ ይላል። ወላጅም ግን አይቀመጥም፤ ሰዓት ያዝ ይባላል።

ሄለን፦ ይባላ! ከጎረቤት የሚተዋወቁት እዚያ ነው። የኦሎምፒክ ዋናተኛዋ ኬቲ ለዴኪም በ6 ዓመቷ የጀመረችው እዚሁ ሜሪላንድ፣ በሰፈር ቡድን ነው።

ዳዊት፦ ኦሎምፒኩ ይቆየን። እኔ የምፈልገው ልጆቻችን ውኃ እንዳይፈሩ ነው። ስንቶቻችን ዋና ሳንችል አደግን።

ሄለን፦ የምወተውተውም ለዚሁ ነው! ልምምዱ ሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ስለሚጀምር ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

ዳዊት፦ የገንዳው አባልነት ክፍያ ለብቻ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ።