ጀንክ ፎልደር ውስጥ የቀረ ደብዳቤ



ዛሬ የማነሳው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ሊመስል ይችላል። ስለ ኢሜይል ነው፤ በተለይም ኮምፒውተራችን ላይ የተጫነው የኢሜይል ፕሮግራም ሳንጠይቀው ወደ ጎን ስለሚያደርግብን ደብዳቤ። ለትምህርት ዕድል ያመለከተ ወጣት "መልስ አልመጣልኝም" እያለ ይጠብቅና ቀኑ ካለፈ በኋላ መልሱን ጀንክ ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ያገኘዋል። ሥራ ፈላጊውንም፣ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣውንም ነጋዴ ይኸው ይገጥመዋል።

ማጣሪያው ይጥፋ እያልኩ አይደለም። እሱ ባይኖር "ሎተሪ ደርሶሃል"፣ "የሟች ባለሀብት ውርስ አለህ" የሚሉ አይፈለጌ መልእክቶች ሳጥናችንን ይሞሉት ነበር። ነገር ግን ማጣሪያ ይገምታል እንጂ አያውቅም። ግምቱ ሲሳሳት ደብዳቤያችን ይትረፍ ወይስ ይጥፋ የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን።

አውትሉክ 2010ን እንውሰድ። "ሆም" በሚለው ረድፍ ላይ "ጀንክ" የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭናችሁ "ጀንክ ኢሜይል ኦፕሽንስ" የሚለውን ክፈቱ። አራት ደረጃዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ማጣሪያውን ያጠፋዋል። "ሎው" አይፈለጌነቱ ግልጽ የሆነውን ብቻ ይይዛል። "ሃይ" አጥብቆ ይይዛል፤ ጤነኛ ደብዳቤም ሊያዝ እንደሚችል እዚያው ተጽፎበታል። አራተኛው "ሴፍ ሊስትስ ኦንሊ" እናንተ ካስመዘገባችኋቸው በስተቀር ሁሉንም ጀንክ ውስጥ ይከታል። ከማያውቃችሁ መሥሪያ ቤት መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህንን ባይነካው ይሻለዋል። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ሰው "ሎው" ይበቃዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ዓይናችሁን ከሥር ባለችው ትንሽ ሳጥን ላይ አሳርፉ። "ፐርማነንትሊ ዲሊት" ብላ የምትጀምረው ናት። እሷ ላይ ምልክት ካለ የተጠረጠረው ደብዳቤ ጀንክ ውስጥም አይገባም፣ የተጣሉት ፎልደር ውስጥም አይገኝም፤ በዚያው ይጠፋል። ቅሬታ ብታቀርቡ እንኳ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም። ምልክቱን ዛሬውኑ አንሱት።

"ኢንተርናሽናል" የሚለው ክፍልም አለ። እዚያ የአገሮች ምልክት ተደርድሯል፤ የጽሑፍ ዓይነቶችም ከዐረብኛ ጀምሮ እንዲሁ። አንድ ሰው በአይፈለጌ ብዛት ተማርሮ የሳዑዲን ምልክት ዘጋ እንበል። ሪያድ ያለው ወንድሙ በዚያ ምልክት ከሚያልቅ የኩባንያ አድራሻ የሚልክለት ሁሉ ጀንክ ይገባል። ዐረብኛን ከዘጋም የኪታብ ጥያቄ የጻፈለት ተማሪ አብሮ ሊዘጋበት ይችላል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁም የኢትዮጵያን ምልክት ዘግተው እንደሆነ ጠይቋቸው።

"ሴፍ ሴንደርስ" ላይ የምታምኑትን ሰው ሙሉ አድራሻ አስገቡ። ጂሜይልን በጅምላ አታስገቡ፤ ጂሜይል ማንም በነፃ የሚከፍተው ነው፣ አጭበርባሪውም ጭምር።

ተንደርበርድ የምትጠቀሙ ደግሞ ነገሩ ለየት ይልባችኋል። የእሱ ማጣሪያ ከእናንተ ይማራል። አይፈለጌውን "ጀንክ" ብላችሁ ስታመለክቱ ቃላቱን ያጠናል፤ በስህተት የተያዘውን "ኖት ጀንክ" ስትሉትም እንዲሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ እያደረገ ሁለተኛውን ይተወዋል። ልጅን ስህተቱን ብቻ እየነገሩ፣ ትክክል ሲሠራ ዝም እያሉ ማስተማር ማለት ነው፤ መድረሳ ያስተማረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። በአካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ባለው "ጀንክ ሴቲንግስ" በአድራሻ ደብተራችሁ ያሉትን ሰዎች እንዳይጠረጥር ንገሩት። ከ14 ቀን በላይ የቆየውን እንዲሰርዝ የሚያዘውን አማራጭም ባዶ ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂሜይልን በፖፕ በኩል ወደ ኮምፒውተራችሁ የምታወርዱ ከሆነ፣ ጂሜይል ራሱ ስፓም ያለው ደብዳቤ ከነጭራሹ አይወርድላችሁም። የፈለጋችሁትን ያህል አውትሉክን ብታስተካክሉ አታዩትም። በብሮውዘር ገብታችሁ የስፓም ፎልደሩን መክፈት አለባችሁ፤ እዚያ ደግሞ ደብዳቤው የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። መልስ የምትጠብቁ ካላችሁ በየሳምንቱ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ አምስት ደቂቃ መድቡለት።