ደመወዙን ሳይሆን የሚተርፈውን እንቁጠር

 

በቅርቡ አንድ ወንድማችን ከዒሻ ሶላት በኋላ ጠብቆ አማከረኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በ9,000 ብር ደመወዝ ይሠራል፤ የሚኖረው እናቱ ቤት ነው፤ ሥራ የሚሄደውም በእግሩ ነው። አሁን አዲስ አበባ 15,000 ብር የሚከፍለው ተገኘ። «ሪዝቄ ሰፋ፤ ልሂድ?» አለኝ።

ወረቀት አውጥተን አሰላነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲነሳ፣ 15,000 ብሩ 10,750 ይሆናል፤ 9,000 ብሩ ደግሞ 6,970። ስድስት ሺህ የመሰለው ጭማሪ እጁ የሚገባው 3,780 ብር ብቻ ነው። የቤት ኪራዩም፣ ታክሲውም፣ ምሳውም ከዚሁ ሊወጣ ነው። «ለእናትህስ ከየት ትልካለህ?» ብለው ዝም አለ።

ወገኖቼ! ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ) ነው። ሆኖም ተወኩል ማለት ሒሳብ መተው አይደለም፤ ሰበቡን ማድረስ የኛ ድርሻ ነው። ሳያሰሉ ሄደው ዕዳ ውስጥ የገቡ፣ ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስም ያፈሩ ስንት ወጣቶች አሉ!

ከተማ አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ሥራው ሙያ የሚጨምር ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ዘንድ ማረፊያ ካለ ስሌቱ ይለወጣል። ብቻ አስቀድማችሁ የሰፈሩን ኪራይ አስጠይቁ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ የሁለቱን ወር ግን ይዛችሁ ሂዱ። ቤተሰብ አማክሩ፤ ኢስቲኻራ ስገዱ።

ወንድማችንም እናቱን ሊያማክር ሄዷል። አላህ ኸይሩን ይምረጥለት፤ ለሁላችንም በረካ ያለው ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።